ለቆርቆሮዬም ሰላም በይልኝ

ቁሐር ሚካኤል፣ ኅዳር መባቻ

ውድ ማስተዋል፣

እንደምን ከረምሽ? ባልሽ ደረሰስ እንደምን ነው? ልጆቹ ደህና ናቸው? ለሁሉም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለቆርቆሮዬም ሰላም በይልኝ። ወረታ ተስማማው ወይ? ከጓሮሽ ባለችው አዲስ ክፍል ላይ ተደላድሎ ተኝቷል ሲሉ ሰምቼ ነው የምጠይቅሽ። ዕድሜውን ሙሉ የቁሐር ዝናብ ሲደበድበው የኖረ ቆርቆሮ ነው፤ የከተማ ዝናብ እንዳያስነጥሰው አንድ ብርድ ልብስ ጣል አድርጊለት።

አሁን ፊትሽ ሲለዋወጥ ይታየኛል። «አባየ ደግሞ ጀመሩ» ትያለሽ። አዎ፣ ጀመርኩ። ደብዳቤ የጻፍኩልሽም ለዚሁ ነው። በስልክ ሲሆን ነገሩ ሲሞቅ ጠብቀሽ «አባየ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ትይና ትዘጊዋለሽ። የእኛ አገር ኔትወርክ መጥፎ መሆኑን አውቃለሁ። ስመርቅሽ ጥርት ብሎ የሚሰማ፣ ስቆጣሽ ብቻ የሚቆራረጥ ኔትወርክ ግን ካንቺ ሌላ አልገጠመኝም። ወረቀት አይቆራረጥም። ቄስ ትምህርት ቤት የቆጠርኩትን ፊደል ዓይኔ ቢደክምም ጣቴ አልረሳውም። ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው ታነቢዋለሽ። አንብበሽ እስክትጨርሺ ይሄን ያደረሰልሽ አመሉ ባጃጁን ደጅሽ አቁሞ እንዲጠብቅ አዝዤዋለሁ፤ ከመሃል ትተሽ ብትነሺ መጥቶ ይነግረኛል።

ማስተዋል፣ ተቆጥቼብሻለሁ። በቀልድ የሚያልፍ ቁጣ አይደለም። የምቀልደው ልማዴ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ከሥሩ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ከነሐሴው ልጀምር። የርብ ወንዝ ሞልቶ የመጣ ዕለት እኔ ቁርሴን እየበላሁ ነበር። ውሃው መጀመሪያ እንደ ጨዋ እንግዳ በበር ነው የገባው። ከዚያ ግን እንግዳ የማይሠራውን ሠራ፤ መደቡን አፈረሰ፣ ጎታውን ገለበጠ፣ እህሌን አስነሥቶ ከቤት አስወጣው። ጎረቤቶቼ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ሲሮጡ «አያ ባየህ፣ ኧረ ና!» ብለው ጠርተውኝ ነበር። «ይሄን ውሃ ከእናንተ በፊት አውቀዋለሁ፤ እስከ ጉልበቴ መጥቶ ይመለሳል» አልኳቸው። ጉልበቴን ሲያልፍ ጣራው ላይ ወጣሁ። ደረሰ በታንኳ መጥቶ እስኪያወርደኝ እዚያ ነበርኩ። ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ። የማታውቂውን ደግሞ ከታች እነግርሻለሁ።

ውሃው እስኪሸሽ ድረስ ቤትሽ ከረምኩ። አልጋሽን ለቀሽልኝ አንቺ መሬት ተኛሽ። ልጆችሽ ጀርባዬ ላይ እየወጡ ሲጋልቡኝ ሰነበቱ። የወረታን ነገር ክፉ አልናገርም። መስከረም ሲጋመስ ግን መሬቱ መጠንከሩን ስሰማ ወደ ቁሐር ተመለስኩ፤ አንቺና ደረሰም አብራችሁኝ መጣችሁ። ቤቱን ስናየው ትዝ ይልሻል? ግድግዳው ፈርሶ ጭቃው ወደ ጭቃነቱ ተመልሷል። ምሰሶውና ቋሚዎቹ ግን እንደቆሙ ናቸው፣ ቆርቆሮውም በላያቸው ላይ። ልብሱን ሁሉ አውልቆ ባርኔጣውን ብቻ እንዳደረገ ሰው ይመስል ነበር። አንቺ አለቀስሽ፣ እኔ ሳቅኩ።

ያን ሰሞን ነው ከከተማ የመጡ ሰዎች ፍራሹ ላይ አቁመው ፎቶ ያነሡኝ። አንደኛው ጫማውን ጭቃ እንዳይነካበት ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ «አባት፣ ግን ለምን እዚህ ቦታ ላይ ትኖራላችሁ?» አለኝ።

«ምሳህን ምን በላህ?» አልኩት።

«ሩዝ።»

«እሱን ለማብቀል ነዋ።»

ሳቀና ጻፈው። እኔ አልሳቅኩም። ርብ ያመጣውን ደለል ሩዝ ሆኖ ሲቀርብላቸው ከየት መጣ ብለው አይጠይቁም፤ ያው ደለል ቤታችንን ሲበላው ጊዜ ግን ምን ልታደርጉ እዚያ ቆማችሁ ይሉናል። እዚህ የምንኖረው መሬቱ እዚህ ስላለ ነው። መሬቱን ተሸክሞ ተራራ ላይ የሚያወጣልን ካለ እኛም እንከተለዋለን።

አንቺ እንደዚያ አልጠየቅሽኝም። ያመንኩሽም ለዚያ ነው። «አባየ፣ ቆርቆሮው ተነቅሎ እኛ ቤት ይቀመጥ። እዚህ ጠባቂ የለው፣ ይሰረቅብዎታል። ግድግዳው ሲያልቅ እንመልሰዋለን» አልሽኝ። ልብ የሚያሳርፍ ነገር ነበር። ደረሰ አይሱዙ ይዞ መጣ። ሚስማሩ ሲነቀል ከሥር ሆኜ እየለቀምኩ፣ የጎበጠውን እያቃናሁ ጣሳ ውስጥ አጠራቀምኩ። ቆርቆሮው ተጭኖ ሲሄድ ባርኔጣዬን አንሥቼ ሹፌሩን መረቅኩት፤ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ» አልኩ። ጣራውን የሚወስዱበትን ሰዎች ቆሞ መርቆ የሸኘ ሰው በፎገራ ምድር ካለ፣ እሱ አያትሽ ነው።

ከዚያ ደቦው ተጀመረ። መንደሩ እንዳለ ስለወደቀ ቤት በቤት እየዞርን እንድንሠራ ተስማማን፤ የደቦውም አለቃ አያልነህ ሆነ። መቼም አያልነህን አትረሺውም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እኔ የምሰድበው፣ እሱ የሚታገሠኝ ጎረቤቴ ነው። ተራው በዕጣ ወጣ፤ የእኔ ወደ መጨረሻው ደረሰኝ። ቅር አላለኝም፤ በየሰዉ ቤት ሄድኩ። እንጨት መሸከሙ ከእኔ ካለፈ ቆይቷል። የእኔ ሥራ በርጩማዬን ከጭቃው ዳር አድርጌ ተቀምጬ ጭቃ የሚረግጡትን ጎረምሶች መስደብ ነው። አትሳቂ፣ ሥራ ነው። ጭቃ መርገጥ ያሰለቻል፤ ሰው ሲሰለቸው እግሩን ያነሣል እንጂ አይረግጥም፤ ያን ጊዜ ጭዱ ከጭቃው አይዋሃድም፣ ግድግዳው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የደከመውን መርጬ «የአማትህ ዓይን እንዲህ ስትረግጥ አይቶህ ቢሆን ልጇን አታገኛትም ነበር» እለዋለሁ። ሰው ሁሉ ይስቅበታል፣ እሱም በንዴት እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል። ጭቃው ደረሰ ማለት ነው። በዚህ ዓመት ቁሐር ላይ የቆመ ግድግዳ ሁሉ የእኔ ስድብ አለበት።

ተራዬ ሲቃረብ ተዘጋጀሁ። ጭድ ከሐሙሲት አስመጣሁ። አፈሩን ቀደም ብዬ አስነከርኩ። ጠላ አስጠመቅኩ። በቀኑ ጠዋት ልብሴን ለብሼ በርጩማዬን አውጥቼ ተቀመጥኩ። ስድቤን ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር፤ ለጎረቤቴ ለማረው አዲስ አማች የሚሆን አንድ ጥሩ ነበረኝ። ፀሐይ ወጣች፣ ማንም አልመጣም። ፀሐይ ከፍ አለች፣ ማንም አልመጣም። ብቻ የአያልነህ ውሻ መጣ። ጭቃውን አሸተተ፣ እኔን አሸተተ፣ ተመልሶ ሄደ።

ማስተዋል፣ ደቦ ጠርቶ ሰው መቅረት ምን ማለት እንደሆነ አንቺ እዚህ ያደግሽ ልጅ ነሽ፣ አላስረዳሽም። ሰው የሚቀርበት በሰው ላይ የቀረ ነው። እኔ በማን ላይ ቀረሁ ብዬ ከልጅነቴ ጀምሬ አሰብኩ። ጠላው ሲፈላ እየሰማሁ፣ ጭቃው ከላይ ቅርፊት ሲያወጣ እያየሁ፣ ማንን በድዬ ይሆን ስል አረፈድኩ። ይሄን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። ቆርቆሮውን አይደለም። ያን ጠዋት ነው።

በኋላ ከማረው ግቢ የሆታ ድምፅ ሰማሁና ዱላዬን ይዤ ሄድኩ። ሁሉም እዚያ ናቸው። አያልነህ ሲያየኝ አካፋውን መሬት ላይ ተከለ።

«ቀኑን ነው የተሳሳትከው ወይስ ቤቱን?» አልኩት።

«አልነገረችህም እንዴ?»

«ማን?»

«ማስተዋል ናታ። ደውላ “አባየ ከእንግዲህ ወረታ ሊቀመጥ ነው፣ ተራውን ለሌላ ስጡት” አለችኝ። አንተ ያስደወልካት መስሎኝ ለማረው ሰጠሁት።»

«እኔ ከመቼ ወዲህ ነው በልጅ ልጄ አፍ የምናገረው? የእኔን አፍ ውሃ ወስዶታል?»

«ገርሞኝስ ነበር» አለ አያልነህ ጺሙን እያከከ። «ባየህ ሳይሰድበኝ እንዴት አገር ለቆ ይሄዳል እያልኩ ሳስብ ነው የሰነበትኩት።»

አመሉ ለማረው ሚስማር አምጥቶ እዚያው ቆሞ ነበር። ነገር ላብርድ ብሎ አባሰው። «አይዘኑ እንጂ አያ ባየህ» አለኝ፤ «ክፍሉ እኮ ያምራል። ቆርቆሮዎ ተመትቶ አልቋል። ተርፎም በረንዳ ወጥቶለታል። ያቺ ሰርጓዳዋ እንኳ ከበሩ በላይ ትታያለች፣ እኔም በእሷ ነው ያወቅሁት።»

ሰው ሁሉ ጭቃውን መርገጥ አቆመ። እኔም ዱላዬን አንሥቼ ከፈረሰው ቤቴ ደጅ ወደ ወጠርኳት ሸራዬ ተመለስኩ።

ሰርጓዳዋን አንቺም አትረሻትም። ልጅ ሳለሽ ዘይቱን አወርዳለሁ ብለሽ ከታች የወረወርሽው ድንጋይ ነው ቆርቆሮዬን ያሰረጎደው። አያትሽ ጸሐይነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልትገርፍሽ ስትነሣ «ተያት፣ ጣራችን ላይ ፊርማዋን አስቀመጠች» ብዬ ያስጣልኩሽ እኔ ነኝ። ታዲያ ፊርማሽ አለበት ተብሎ ጣራው የአንቺ ሆነ?

ያንኑ ዕለት ደወልኩልሽ። «አባየ፣ ለእርስዎ ብለን እኮ ነው» አልሽኝ። መብራት አለው አልሽ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው አልሽ። ቴሌቪዥን እናስገባለን አልሽ። ቀጠልሽና ያችን አልሽ፦ «ደግሞስ አባየ፣ ከዚህ በኋላ ለእርስዎ ቤት ምን ያደርግልዎታል?» ወዲያው ኔትወርኩ ተቆራረጠ።

ከዚህ በኋላ ማለት ምን ማለት ነው፣ ልጄ? ስንት ጊዜ እንደቀረኝ አስልቼ የምኖር ከሆነ ቁርሴንም ነገ ልተወው። ሰው ቤት የሚሠራው ዕድሜው ስለተረፈው ነው ያለሽ ማን ነው? እኔ ቤት የምሠራው የምገባበት ስለሌለኝ ነው። ለአንቺ ቤት ማለት መብራትና ሲሚንቶ ሆኗል። ለእኔ ግን አያልነህ በየጠዋቱ አንኳኩቶ «ሳትሞት አደርክ?» የሚለኝ፣ እኔም «አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ» የምለው በር ነው። ወረታ ማን እንዲህ ይለኛል? መኪናው ሁሉ ወይ ወደ ጎንደር ወይ ወደ ደብረ ታቦር ይጣደፋል፤ ቆሞ ሽማግሌ የሚሰድብ ጊዜ ያለው የለም። ጎረቤቶችሽ ጨዋዎች ናቸው፤ «እንደምን አደሩ አባት» ብለው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ያልፋሉ። ያ አክብሮት እኮ ነው እዚያ የሚገድለኝ።

ብትጠይቂኝ እምቢ እልሽ ነበር። አውቀሽው ነው ያልጠየቅሽኝ። እምቢ ማለት ግን የእኔ ነበር፤ ከቆርቆሮው ጋር እሱንም ጭነሽ ወሰድሽው። ደቦውን ለማስቀረት ደወልሽ፣ ለእኔ ግን አልደወልሽም። አያልነህ ሰማ፣ ማረው ሰማ፣ አመሉ ሰማ፣ የአመሉ ተሳፋሪ ሳይቀር ሰማ። የመጨረሻ የሰማሁት ባለቤቱ ነኝ።

አሁን ደግሞ እኔ የሠራሁትን ስሚ።

ጥቅምት ሚካኤል ማኅበራችን በማረው አዲስ ቤት ነበር፤ በእኔ ተራ በቆመው ቤት ማለቴ ነው። ከሸራዬ ወጥቼ ጋቢዬን አራግፌ ሄድኩና እንደ ቅን ሰው ጥግ ያዝኩ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ አንድም ሰው አልሰደብኩም። አያልነህ «ታመሃል እንዴ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። በመጨረሻ አባ ኪዳነ ማርያም ጽዋውን አንሥተው «የኅዳሩን የሚቀበል ማን ነው?» አሉ። ተረኛው አያልነህ ነበር። ጉልበቱን ይዞ እስኪነሣ፣ እኔ ብድግ ብዬ ጽዋውን ከአባ እጅ ተቀበልኩ።

ጽዋ አንዴ ከተቀበሉት አይመለስም። የኅዳር ደግሞ የዓመቱ ትልቁ ሚካኤል ነው፤ ማኅበርተኛው ከነቤተሰቡ፣ ካህናቱም ጭምር ነው የሚመጡት። ሳቅ ተነሣ። ከዚያ ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ አለቀ።

«ባየህ» አሉኝ አባ ቀስ ብለው፣ «የት ልታስገባን ነው?»

«ቤቴ ነዋ አባ።»

«ቤት አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያስ?»

«እርስዎ ያውቃሉ አባ። ወይ እስከዚያ ቤት ይኖረኛል፣ ወይ ጽዋውን ሜዳ ላይ ይባርኩታል። እኔ ለሁለቱም ዝግጁ ነኝ። የአያልነህ በሬ ብቻ ቦታ እንዳይሻማን ይታሰርልኝ።»

አያልነህ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ኧረ ጉድ ነው! ይሄ ሽማግሌ በሚካኤል ስም ደቦ ጠራብን» አለ።

«በእኔ ስም ስጠራ ማን መጣ?» አልኩት።

ማረው አቀረቀረ፣ ከአማቹ ጋር። አያልነህም ወደ ጠላው ተመለከተ። ተረዱኝ፤ ያን ጠዋት ተረዱት። አባ ኪዳነ ማርያም መስቀላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ እየጸለዩ ይሁን እየሳቁ አልለየሁም። «በሉ፣ ማኅበርተኛ ሁሉ ሰምቷል» አሉ። «ባየህ፣ ጭቃህ አለ?»

«ደርቋል አባ። ስድቡ ግን ትኩስ ነው።»

በማግስቱ ሁሉም መጡ። ያልተጠሩት ሳይቀሩ መጡ። አያልነህ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ጭቃዬን በዶማ ሲሰብር አገኘሁት፤ ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም፤ ዶማው ተናግሮልናል። ወለሉን ድንጋይና አፈር ሞልተን ከድሮው ይልቅ ክንድ ያህል ከፍ አደረግነው። ርብ ሲመጣ ቢያንስ ደረጃ ይውጣ። ከዚያ ገመድ ዘርግቼ የቤቱን ልክ ለካሁ። አያልነህ ልኩን ሲያይ ዶማውን ተደገፈ።

«ይሄ ቤት ነው የዶሮ ማደሪያ?»

«እንደ ገቢው ነው። አንተ ከገባህ የዶሮ ነው።»

«ባየህ፣ የድሮው ቤትህ እኩሌታ እኮ ነው። ማኅበሩን የት ታስቀምጠዋለህ?»

«ጭን ለጭን። የተረፈ ደጅ ዳስ ውስጥ ይቀመጣል።»

«ምን ሆነህ ነው ያሳነስከው? እንጨት እንደሆነ አለ።»

«አርጅቼ ነው» አልኩት። አመነኝ። እውነተኛውን ምክንያት ለእሱ አልነገርኩትም፤ ለአንቺ እነግርሻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደረሰ አንቺ የላክሽልኝን ብርድ ልብስ ይዞ መጥቶ ነበር። ግድግዳው ቆሞ፣ ማገሩ ተመትቶ፣ ምርጊቱ አልቆ አየ። ወደ ላይ ደግሞ ሰማዩን አየ።

«ግድግዳው መቆሙን ከአመሉ ሰምታለች» አለኝ።

«ምን አለች?»

«አለቀሰች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተሳደበች።»

«በማን ስድብ?»

«በእርስዎ» አለኝ። «የአማትህ ዓይን የምትለዋን ሳይቀር። እኔን ነው የሰደበችኝ፤ የእኔ አማት እኮ የራስሽ እናት ናት ብላት አልሰማ አለችኝ።»

ማስተዋል፣ ያን ዕለት ልቤ ሊራራልሽ ትንሽ ነበር የቀረው። ስድብ ያወረስኩት ሰው በመኖሩ ደስ አለኝ። ግን ጣራ አላወረስኩሽም፤ አልሞትኩማ።

አያልነህ ሣር እንክደንልህ ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። «ጣራ አለኝ፤ ወረታ እንግድነት ሄዶ ነው» አልኩት። ጠዋት ጠዋት ወፎች ሳያንኳኩ ገብተው መደቤ ላይ ይቀመጣሉ። እኔም አልቆጣቸውም። ስለ ጣራው የማወራቸው እነሱን ነው።

እንግዲህ ያን የማታውቂውን ልንገርሽ። በጎርፉ ዕለት ጣራው ላይ ሆኜ እየዘፈንኩ ነበር ብዬ ለአገሩ ሁሉ አውርቻለሁ። አንቺም ሰምተሽ ተናደሻል። አልዘፈንኩም። ፈርቼ ነበር። ከሥሬ ግድግዳው ሲናድ ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ይመታ ነበር፤ በሆዴ ተኝቼ ቆርቆሮውን አቅፌ ነበር። ጣቴ ያቺን ሰርጓዳ አገኛት። እሷን ይዤ ስም እጠራ ነበር። የጸሐይነሽን አይደለም። የሚካኤልንም አስቀድሜ አልጠራሁም፤ ይሄን አባ እንዳይሰሙ። የአንቺን ነው የጠራሁት። ትመጫለሽ ብዬ አልነበረም፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ስለሆነ ነው።

ደረሰ ዋና እንደማይችል የነገረኝ ታንኳው ላይ ካወጣኝ በኋላ ነው። «አንተ፣ ታዲያ ምን አባክ ልትሠራ መጣህ?» አልኩት። «አያ ባየህ፣ እዚያ መንገድ ላይ ከቆመችው ሴት ውሃው ይሻለኛል ብዬ ነው» አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ከአስፋልቱ ዳር ቆመሽ ነበር፣ ነጠላሽን በጥርስሽ ነክሰሽ። ስንደርስም ነጠላሽን አልለቀቅሽም። እኔ «ቁርሴን አቋርጬ መጣሁልሽ» ብዬ ቀለድኩ። ሌላ የምለው ነበረኝ፤ እሱን ትቼ ነው ያን ያልኩት። ያኔ ያልወጣው አሁን በወረቀት ወጣ፤ ሰርጓዳዋን ይዤ የጠራሁት አንቺን ነው።

ስለዚህ ለምን እንዳደረግሽው አውቃለሁ። ሁለተኛ እዚያ መንገድ ዳር መቆም አትፈልጊም። ይሄን አውቄ ግን ቁጣዬ አልበረደም። ፈራሽልኝ፤ እሺ። የፈራሽለት ሰው እኮ አፍ አለው። ንገሪው። ጩሂበት። ነጠላሽን ከመንከስ እሱን ንከሺው። ከኋላው ዞረሽ በርጩማው ላይ ብቻውን ጎልተሽ አትተዪው።

አሁን ፍርዴን ስሚ። ሚካኤል ከመድረሱ በፊት አይሱዙው ወደ ቁሐር ይመጣል፤ ቆርቆሮዬን ይዞ። ሁሉንም አላልኩም። ግማሹን። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ የቀረው ይበቃታል፤ በረንዳውን አፍርሺው፣ እኔ ለበረንዳ አልተፈጠርኩም። ቤቴን እኩሌታ አድርጌ ያቆምኩት ለዚህ ነው። አያልነህ እስካሁን ማርጀቴ መስሎታል፤ ተዪው ደስ ይበለው።

የቀረው ግማሽ እዚያው አንቺ ጋ ይቆይልኝ። ሐምሌ ሲገባና ርብ መደፍረስ ሲጀምር፣ አንቺም ሳትደውዪ፣ ደረሰም ታንኳ ሳይፈልግ፣ በአመሉ ባጃጅ መጥቼ ከሥሩ እገባለሁ። ከዚያ እስከ መስከረም የምትይኝን እሰማለሁ፣ ቴሌቪዥኑንም አያለሁ፤ ስድቤን ግን ለጎረቤቶችሽ ማስተማሬ አይቀርም። ውሃው ሲሸሽ እመለሳለሁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ልትጨምሪብኝ ብትሞክሪ በእግሬ እወጣለሁ። እምቢ ስል ሰምተሽ ታውቂያለሽ፤ እሺ ስል ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፣ አታባክኚው።

ቆርቆሮውን ለሹፌር ሰጥተሽ እንዳትልኪው። ራስሽ ይዘሽ ነይ። ያቃናሁት ሚስማር በጣሳው ውስጥ ይጠብቅሻል፤ አንቺ ታቀብያለሽ፣ ደረሰ ይመታል፣ እኔ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ሁለታችሁንም እሰድባለሁ።

ሰርጓዳዋ ያለችበትን ቆርቆሮ ግን አትንቀያት። እዚያው ከበሩ በላይ ትሁን። ሐምሌ ላይ ስመጣ ቀና ብዬ እሷን ሳይ ነው የገባሁት ቤቴ መሆኑን የማውቀው።

እስክትመጪ ድረስ ሰማይ ከድኖ የሚጠብቅሽ፣

አያትሽ ባየህ